«ከፊል ራስ ገዝ ኢኮኖሚ» ሲባል ከፊሉ የቱ ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦
በዓለም አቀፍ የንግድ ሕግ «ሴሚ አውቶኖመስ ኢኮኖሚ» የሚባለውን «ከፊል ራስ ገዝ ኢኮኖሚ» እያሉ የሚተረጉሙ አሉ። ሆንግ ኮንግን፣ ማካውንና ታይዋንን ለማለት ነው። «ክልል» ቢባል አይቀልም? ደግሞስ «ኢኮኖሚ» እንዴት ሆኖ ነው የዓለም አቀፍ ድርጅት አባል የሚሆነው?

ኬላ በር፦
የሚያሳስተው «ከፊል» የሚለው ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ሙሉውን ነዋ! የዓለም ንግድ ድርጅት መቋቋሚያ ስምምነት አንቀጽ 12 ለአባልነት በሩን የከፈተው ለመንግሥታት ብቻ አይደለም፤ በውጭ ንግድ ግንኙነቱና ስምምነቶቹ በሚያካትቷቸው ሌሎች ጉዳዮች ሙሉ ሥልጣን ላለው «የተለየ የጉምሩክ ግዛት» ጭምር ነው። ሆንግ ኮንግ በመከላከያና በውጭ ጉዳይ የቤጂንግ ናት። በቀረጥ ግን ራሷን የቻለች ናት፤ መሠረታዊ ሕጓ አንቀጽ 116 ላይ ይህንኑ ይላል። እንግዲህ ጎደሎው ያለው በፖለቲካው በኩል ነው። «ከፊል ራስ ገዝ ኢኮኖሚ» ስንል «ከፊል»ን ከኢኮኖሚው ላይ ለጥፈን ነገሩን እንገለብጠዋለን።

«የጉምሩክ ግዛት»ን ራሱን ጋት፣ ማለትም የ1947ቱ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) የታሪፍና የንግድ አጠቃላይ ስምምነት፣ አንቀጽ 24 ንኡስ አንቀጽ 2 ላይ ይፈታዋል፦ ከሌሎች ጋር ለሚያካሂደው ንግድ ጉልህ ክፍል የተለየ ታሪፍ ወይም ሌላ የንግድ ደንብ ያለው ማንኛውም ግዛት። ባንዲራ አልተጠየቀም፣ ጦር አልተጠየቀም። ኬላውና የታሪፍ መጽሐፉ በማን እጅ ነው? ጥያቄው ይኸው ነው።

ሰዋስው፦
«ክልል»ን ተዉት። ከለለ፣ አጠረ ከሚለው የወጣ ስለሆነ በሥሩ ደስ ይላል፤ ግን ዛሬ የኢትዮጵያ አንባቢ ቃሉን ሲያይ ወደ ፌዴሬሽኑ አባላት ይሄዳል። እነሱ ደግሞ የራሳቸው ታሪፍ የላቸውም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 በገቢና ወጪ ዕቃ ላይ ቀረጥ የሚጥለውና የሚሰበስበው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። «ራስ ገዝ»ም ያው ችግር አለበት። በኢሕዲሪ ዘመን ኤርትራ፣ አሰብ፣ ትግራይ፣ ድሬዳዋና ኦጋዴን «ራስ ገዝ» ሲባሉ አንዳቸውም የጉምሩክ ድንበር አልተሰጣቸውም። ቃሉ ስለ አስተዳደር እንጂ ስለ ቀረጥ አይናገርም። (ገዛ በአማርኛ አስተዳደረም ሸመተም ነው፤ ለንግድ ሕግ ተርጓሚ የተዘጋጀ ወጥመድ ይመስላል።)

ፊደል ቆጣሪ፦
ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በነበረችበት ጊዜስ? «ራስ ገዝ አሃድ» ነበረች፤ የቀረጥ ገቢም ይደርሳት ነበር ይባላል።

ኬላ በር፦
ልዩነቱን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም። የተባበሩት መንግሥታት በታኅሣሥ 2 ቀን 1950 ያጸደቀው ውሳኔ 390 በአራተኛው አንቀጹ ፌዴሬሽኑ በሙሉ ለጉምሩክ አንድ አካባቢ ነው ብሎ፣ መድረሻው ወይም መነሻው ኤርትራ በሆነ ዕቃ ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ለኤርትራ እንዲሰጥ ደነገገ። ገንዘቡ ለእሷ፣ የውጭ ንግድ ሥልጣኑ ለፌዴራሉ ነው። ስለዚህ በሕጉ ቋንቋ ራስ ገዝ እንጂ የተለየ የጉምሩክ ግዛት አልነበረችም። የገቢ ድርሻንና የታሪፍ ሥልጣንን መለየት ያቃተው ትርጉም እዚህ ጋ ይሰናከላል።

ሌላው መጣራት ያለበት፣ ግዛቱ በየትኛው በር ገባ የሚለው ነው። በጋት ዘመን፣ ማለትም የዓለም ንግድ ድርጅት ከመቋቋሙ በፊት፣ በሮቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ አንቀጽ 26 ንኡስ አንቀጽ 5 ፊደል ተራ ሐ ነው፦ ኃላፊ የሆነው መንግሥት «ይህ ግዛት በውጭ ንግዱ ራሱን ችሏል» ብሎ መግለጫ ሲሰጥ ግዛቱ እንደ ተዋዋይ ወገን ይቆጠራል። በብሪታንያ መግለጫ ሆንግ ኮንግ በሚያዝያ 23 ቀን 1986፣ በፖርቱጋል መግለጫ ማካው በጥር 11 ቀን 1991 የገቡት በዚህ ነው። ስለ ታይዋን እንዲህ ያለ መግለጫ የሚሰጥ መንግሥት ከየት ይምጣ? በአንቀጽ 33 በኩል በጥር 1990 ራሷ አመለከተች፤ ስትደራደር ኖራ ቻይና በገባች በሦስት ሳምንት፣ በጥር 1 ቀን 2002 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ሆነች። ስሟም «የታይዋን፣ የፔንግሁ፣ የኪንመንና የማትሱ የተለየ የጉምሩክ ግዛት» ነው። በዚህ ስም ውስጥ «ሪፐብሊክ»ም «አውራጃ»ም የለም፤ አንዱን ከራሱ የጨመረ ተርጓሚ ሳያውቀው ወገን ይይዛል።

ሰዋስው፦
ወደ «ኢኮኖሚ» ስመለስ፣ ቃሉ የመጣው «ሀገር» ላለማለት ነው። በእስያና ፓስፊክ የኢኮኖሚ ትብብር፣ በኤፔክ፣ ቻይና፣ ሆንግ ኮንግና «ቻይኒዝ ታይፔ» (ታይዋን) በ1991 አብረው ሲገቡ ሁሉም «አባል ኢኮኖሚ» ተባሉ። ስለዚህ እዚህ «ምጣኔ ሀብት» አይሠራም፤ ምጣኔ ድርጊት ነው፣ «አባል ምጣኔ ሀብት» ደግሞ ጆሮ ያደማል። «ኢኮኖሚ» እንዳለ ይቀመጥ። በዓለም ንግድ ድርጅት ሰነድ ግን «ሀገር» የሚለውን መቀየር አያስፈልግም፤ በስምምነቱ መጨረሻ ያለው ማብራሪያ «ሀገር» ሲባል አባል የሆነ የተለየ የጉምሩክ ግዛትንም እንደሚጨምር ይናገራል። የዓለም የገንዘብ ድርጅት እንዲህ ያለ ማስፊያ የለውም፤ አባልነቱ ለሀገራት ብቻ ስለሆነ ሆንግ ኮንግ አባል አይደለችም።

ፊደል ቆጣሪ፦
«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለው እዚህ ይሠራል? አሜሪካ በ2020 የሆንግ ኮንግ ዕቃ «በቻይና የተሠራ» ተብሎ ምልክት ይደረግበት ማለቷን አስቤ ነው።

ኬላ በር፦
ግማሹ ይሠራል። አጥሩ ተነቅንቋል፤ ባለቤቱ ቤጂንግ ነው ካሉ ግን ተረቱ ይከዳዎታል። በዚህ ምልክት ላይ ለዓለም ንግድ ድርጅት ክርክር 597ን ያቀረበችው ሆንግ ኮንግ ራሷ ናት። ፓነሉ፣ ማለትም ክርክሩን የሚያየው የዳኞች ጉባኤ፣ በታኅሣሥ 21 ቀን 2022 ፈረደላት፤ የአሜሪካን የብሔራዊ ደህንነት መከራከሪያም አልተቀበለም። አሜሪካ በጥር 2023 ይግባኝ አለች፤ የይግባኝ አካሉ ዳኛ ስለሌለው ነገሩ እዚያው ተንጠልጥሏል።

የራሱ ወንበር የሌለው ደግሞ በሌላ ወንበር ይናገራል። በ2013 ዴንማርክ «የፋሮ ደሴቶችን በተመለከተ» ብላ የአውሮፓ ኅብረትን በሄሪንግ ዓሣ ከሰሰች፤ ዴንማርክ ራሷ የኅብረቱ አባል ናት፣ በሥሯ ያለችው ራስ ገዟ ፋሮ ግን አይደለችም። እዚህ «በተመለከተ»ን «በመወከል» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው፤ ከሳሹ አባል ዴንማርክ ናት፣ ሐረጉ የሚለው ክሱ የሚመለከተውን ግዛት ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
እንግዲያው ለሕግ ጽሑፍ «የተለየ የጉምሩክ ግዛት»፣ ለኤፔክ «አባል ኢኮኖሚ»፤ «ከፊል ራስ ገዝ» ካስፈለገ ለፖለቲካው ብቻ።

ሰዋስው፦
አዎ። «ግዛት»ንም «የጉምሩክ» ሳይቀድመው ለብቻው አይተዉት፤ «ጠቅላይ ግዛት» የሚታወሰው ብዙ ነው።