እንግዳ ይዤ አዲስ አበባ ላይ የት ልብላ? ክትፎ፣ ቁርጥና የጾም ምሳ

ጠያቂ፦ ሸማ ተራ
ሰላም ለሁላችሁ። አምስት እንግዶች ከዋሽንግተን ሐሙስ ጠዋት ገብተው እሑድ ሌሊት ይመለሳሉ። ሦስቱ ዘመዶች፣ ሁለቱ ፈረንጆች ናቸው። አንዷ ፈረንጅ ሥጋ፣ ዓሣና ቅቤ አትነካም። ሌላው ጥሬ ሥጋ ይፈራል፤ ግን ክትፎ ሳይቀምስ መሄድ አይፈልግም። የሚያርፉት ቦሌ ነው። ክትፎ፣ ቁርጥና ጥብስ፣ አንድ ማታ ደግሞ ጭፈራ ያለበት ቤት አስቤያለሁ። የቱን በየትኛው ቀን ላድርገው? ምን ብዬስ ልዘዝ?

ምጣድ
ከቤቱ በፊት ቀኑን ምረጥ። ዓርብ ስላለህ ዓርብ ምሳን ለጾም ምግብ ተወው። በየዓይነቱ በደንብ የሚበላው ያን ጊዜ ነው፤ ሁሉም ሰው እሱን ስለሚያዝ ወጡ ድስት ውስጥ አያድርም። ጣይቱ ሆቴል በጾም ቡፌው የታወቀ ነው፤ ከቦሌ ካልወጣችሁ ካተኛ የሚባለው ምግብ ቤት አለ።

ቅቤ ለማትበላዋ እንግዳህ ግን ተጠንቀቅ። በፍስክ ቀን ዝም ብላ «ሽሮ» ካለች ቅቤ ያለበት ሊመጣላት ይችላል። ተጋቢኖማ በቅቤ ሲንተከተክ ነው የሚቀርበው። ጎመኑም እንደዚያው፣ ቃተኛውም በቅቤና በበርበሬ የተቀባ እንጀራ ነው። ስለዚህ በማንኛውም ቀን «የጾም፣ በዘይት» በሉ። ብዙ ቤት ዓሣን ከጾም ምግብ ጋር ስለሚቆጥር «ዓሣም አይግባበት» ጨምሩበት።

ጣባ
ክትፎውን ቅዳሜ ምሳ አድርገው። ገርጂ ያለው ቶቶት ወይም ዮሐንስ ክትፎ ጥሩ ናቸው። ክትፎን ከክትፎ ቤት ውጪ ማዘዝ አይመከርም፤ ሥጋው ቶሎ ካላለቀ ተከትፎ ይቆያል፣ ሲቆይ ደግሞ ይጠቁራል።

«ልዩ» ካልክ ከአይብና ከጎመን ጋር ይመጣል። ሥጋ ለምትበሉት አምስት ሰዎች መጀመሪያ አራት ልዩ በቂ ነው፤ ቅቤው ስለሚያጠግብ ሲያልቅ ትጨምራለህ።

ጣባው ሲቀርብ ቅቤውን እይ። ለብ ያለ መሆን አለበት። ከመጠን በላይ ግሎ ከፈሰሰበት ሥጋው ከዳር ዳር ነጣ ብሎ ይበስላል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ ይረጋና ላንቃ ላይ ይጣበቃል። ጅማቱ በደንብ ተለቅሞ በቢላ የተከተፈ ሥጋ አፍ ውስጥ ፍርፍር ይላል። በማሽን የተፈጨው ግን እንደ ሊጥ ይሆናል፣ ሚጥሚጣውና ኮረሪማውም እኩል አይገባውም። ቆጮውን ትኩስ ጠይቅ፣ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። ሚጥሚጣ ለብቻው ይቀመጥላችሁ፤ ለፈረንጆቹ መጠኑን ራሳቸው ይወስኑ።

የቄራ ልጅ
ጥሬ ለሚፈራው ሰው «ለብለብ ይሁንለት» የሚል አስተናጋጅ አይጠፋም። ለብለብ ከኮሶ አያድንም፤ ላዩ ብቻ ሞቆ ውስጡ ጥሬ ነው። የተከተፈ ሥጋ ውስጡ ድረስ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት። ስለዚህ «ብስል፣ ቀይ እንዳይቀርበት» ብለህ እዘዝለት። ብስሉም ጥሩ ቅቤና ኮረሪማ ካለው ይጣፍጣል፣ የሚያፍርበት ነገር የለም።

ቁርጡን እሑድ ምሳ አድርጉት፤ ዓርብ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ብትሄድ ብዙውን ጊዜ አታገኝም። ከእንግዶቹ ሙስሊም ካለ የሙስሊም ሥጋ ቤት ፈልግ፣ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ከተሰቀለው ሥጋ ላይ የቄራውን ማኅተም ካየህ በኋላ በጣትህ እያሳየህ አስቆርጥ። ጮማ ለሚወድ ሻኛ፣ ቀይ ለሚፈልግ ጮማ የሌለውን፣ ለጥብስ ጎድን ከነአጥንቱ። ለእናንተ ግማሽ ኪሎ ቁርጥና አንድ ኪሎ ተኩል ጥብስ ይበቃል።

ሁለቱን ባንድ ላይ ግን አትዘዝ። ቁርጡ እስኪበላ ሸክላ ጥብሱ ፍም ላይ ተቀምጦ ይደርቃል፣ ሽንኩርቱም ያርራል። ቁርጡ ሊያልቅ ሲል «አሁን ጣዱልን» በል።

ቦሌ መድኃኔዓለም
ለጭፈራው ዮድ አቢሲኒያ ወይም 2000 ሀበሻ፣ ዓርብ ማታ። ጾምም ፍስክም ስላላቸው ማንም አይቸገርም። አስቀድመህ ደውለህ ጠረጴዛ አስይዝ፤ ከመድረኩ ራቅ ያለ ይሁን፣ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ መነጋገር አይቻልም። ጠጅ ስታዝ ደረቅ ወይስ ለስላሳ መሆኑን ተናገር፤ አልኮል ለማይጠጣ ብርዝ አለ።

ጣባ
እዚህ ላይ ልለይ። ጭፈራው ድንቅ ነው፣ ምግቡ ግን ለዝና የሚበቃ አይመስለኝም። እዚያ አገልግልና በየዓይነቱ ይዛችሁ ትርኢቱን እዩ፣ ክትፎውን ለቅዳሜ አቆዩት።

ምጣድ
ሁለት ነገር ልጨምር። ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ቤት ስለተነሳ የድሮ አድራሻ ይዘህ እንዳትሄድ፣ ደውለህ አረጋግጥ። ሒሳቡን በተመለከተም ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ቫትና ሰርቪስ ያካተተ መሆኑን ሳታዝ ጠይቅ። ካላካተተ በ1,000 ብር ምግብ ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ሲጨመር 1,100፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታሰብ 1,265 ብር ይሆናል።