«ካርባይዱ ይቀልጣል» ወይስ «ይሟሟል»?

ጥያቄ፦ ከዱቄት ስለሚሠራ ባለክሮሚየም አረብ ብረት ማኑዋል እየተረጎምን ነው። ረቂቁ «ካርባይዱ በ1,020 ዲግሪ ይቀልጣል» ይላል (ካርባይድ ካርቦን ከብረታ ብረት ጋር የተጣመረበት ጠንካራ ውህድ ነው)። ያስኬዳል? ኋላ ከብረቱ ውስጥ የሚወጣውን ካርባይድ «ዝቃጭ» የሚለውስ?

— «ይቀልጣል» አይሆንም። በዚያ ሙቀት ብረቱ ይግላል እንጂ ፈሳሽ አይሆንም። ከካርባይዱ ካርቦንና ክሮሚየም እየወጡ በዙሪያው ወዳለው ጠጣር ብረት ይሰርጋሉ፤ ስኳሩ ሻይ ውስጥ ሟሟ እንደምንለው፣ ሻዩም ጠጣር ሆኖ። ያውም በከፊል ነው። 1.5 በመቶ ካርቦንና 12 በመቶ ክሮሚየም ባለው፣ ዲ2 በሚባለው የመሣሪያ አረብ ብረት ውስጥ፣ ኤም7ሲ3 የሚባለው ካርባይድ (7 የብረታ ብረት አቶም ለ3 ካርቦን) አብዛኛው ሳይሟሟ ይቀራል። ዝገት የሚከላከለው ደግሞ የሟሟው ክሮሚየም ብቻ ስለሆነ 12 በመቶ እያለውም ይዝጋል።

— ስሕተቱ ዋጋ ያስከፍላል። «ይቀልጣል» ብሎ ያነበበ ሠራተኛ ምድጃውን ከፍ ያደርገዋል። ያኔ ከልክ በላይ ካርቦን ይሟሟና ብረቱ ዘይት ውስጥ ከተነከረ በኋላም ብዙ ኦስቴናይት (ብረቱ ሲግል የሚይዘው ለስላሳ አወቃቀር) ሳይለወጥ ይቀራል፤ ጠንክሮ ይወጣል ሲባል ለስልሶ ይወጣል። ሙቀቱ ከዚያም ካለፈ በብረቱ ቅንጣቶች (ክሪስታሎች) ድንበር ፈሳሽ ይፈጠራል፤ ሲቀዘቅዝ ካርባይዱ መረብ ሠርቶ ብረቱን ተሰባሪ ያደርገዋል። እዚህ ላይ «ቀለጠ» ልክ ነው። (ለጭፈራም ልክ ነው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ።)

— «ዝቃጭ»ን ይተዉት፤ ወደ ታች የሚወርድ ነገር የለም። «ተለይቶ ይወጣል» ይበሉ። በ500 እና በ540 ዲግሪ መካከል ቴምፐር ሲደረግ (ከተነከረ በኋላ መልሶ ሲሞቅ) ደቃቅ ካርባይዶች ተለይተው የሚወጡት እዚያው በያሉበት ነው።

— ስለ ዱቄቱም አንድ ነገር ይጨመር። በተለመደው አወጣጥ ቀልጦ ሻጋታ ውስጥ የፈሰሰው ብረት ቀስ ብሎ ስለሚረጋ ካርባይዱ በአሥሮች ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) እስኪለካ ይወፍራል፤ ሲዳመጥም በመስመር ይሰለፋል፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ለዱቄት ግን ቀልጦ የሚወርደውን ብረት የናይትሮጅን ግፊት ይበትነዋል። ጠብታው ወዲያው ስለሚረጋ ካርባይዱ ለማደግ ጊዜ አያገኝም፤ ጥቂት ማይክሮን ላይ ይቀራል። ዱቄቱ አየር በወጣለት የታሸገ ቆርቆሮ ውስጥ በ1,150 ዲግሪና በ1,000 ከባቢ አየር ግፊት አካባቢ ሳይቀልጥ ይዋሐዳል። ሙቀቱ ላይ ከሚገባው በላይ ከቆየ ትንንሾቹ ካርባይዶች እየሟሙ ትልልቆቹን ያወፍራሉ፤ የዱቄቱ ጥቅም ይቀንሳል።

ጠያቂ፦ ቴምፐሩን ማኑዋሉ ሁለት ጊዜ ይላል። ድግግሞሽ መስሎን ልንቆርጠው ነበር።

— አይቁረጡት። ከመጀመሪያው ሲቀዘቅዝ የቀረው ኦስቴናይት ወደ ማርቴንሳይት (ወደ ጠንካራው አወቃቀር) ይለወጣል፤ ይህ አዲሱ ገና ተሰባሪ ነው። ሁለተኛው ለእሱ ነው።