ለልጃችሁ መምህር «ጥሩ አድርገህ ጻፍላት» ከማለታችሁ በፊት

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የቨርጂኒያው ወንድማችን የጻፉትን አነበብኩት። ልጃቸው 12ኛ ክፍል ናት፣ ሃበሻ የሂሳብ መምህር አላት። ለኮሌጅ ማመልከቻዋ የድጋፍ ደብዳቤ ቢጠይቁት «እጽፍላታለሁ፣ ግን አብሮት ያለውን የመመዘኛ ሰንጠረዥ ሁሉንም ከላይኛው ሳጥን ላይ አልሞላም» አላቸው። ከስር የመጣው መልስ ሁሉ መምህሩን የሚወቅስ ነው። «የራሳችን ሰው ካልረዳን ማን ሊረዳን ነው?» ያሉም አሉ። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ሃይስኩል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ መስከረም በጠባ ቁጥር ደብዳቤ ፈላጊው ይሰለፍብኛል። በዚህ ነገር ከመምህሩ ጋር ነኝ። ቅር ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡኝና ከዚያ ስደቡኝ።

ግራ መጋባቱ ይገባኛል። እኛ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው፤ መምህርህን ስለ አንተ የሚጠይቀው የለም። ደብዳቤ የምናውቀው ለማስተርስ ወይም ለውጭ ስኮላርሺፕ ሲሆን ነው፣ ያኔም ብዙዎቻችን «አንተው ጽፈህ አምጣው፣ እፈርምልሃለሁ» ተብለናል። እዚህ ግን መምህሩ ራሱ ጽፎ ራሱ ይልካል። ብዙ ኮሌጆች በጋራ በሚጠቀሙበት የኢንተርኔት ማመልከቻ፣ በኮመን አፕ በኩል ሲሆን ደግሞ ከደብዳቤው ሌላ ሰንጠረዥ አለ። የመጻፍ ችሎታዋ፣ በክፍል ውይይት መሳተፏ፣ ሐቀኝነቷ፣ ለሌላ ሰው ማሰቧ፣ ነገር ሲበላሽባት የምትሆነው፣ ሁሉም ለየብቻው ይጠየቃል። መልሱ ከአማካይ በታች ይጀምርና ጥሩ፣ በጣም ጥሩ እያለ፣ ከ100 ከመጀመሪያዎቹ 10፣ ከመጀመሪያዎቹ 5 እያለ ይወጣል። የመጨረሻው ሳጥን «እስካሁን ካጋጠሙኝ ጥቂቶች አንዷ፣ ከ100 አንድ» ማለት ነው።

እንግዲህ አስቡት። ከ100 አንድ የሚለውን ለጠየቀኝ ሃበሻ ሁሉ ባድል ምን ይሆናል? ብዙ ኮሌጆች ውስጥ ማመልከቻ አንባቢዎቹ በአካባቢ ተከፋፍለው ነው የሚሠሩት፤ ከእኛ ትምህርት ቤት የሚመጣውን ፋይል አንድ ሰው ተራ በተራ ያነበዋል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ምናልባት ያው ሰው ነው። ይሄ መምህር ሁሉን ሰው ከላይ ነው የሚያስቀምጠው ካለ በኋላ የእኔ ምልክት ዋጋ የለውም። የምትጎዳው ደግሞ እውነትም ከ100 አንድ የሆነችው ልጅ ናት፣ እሷም የእኛው ልጅ ልትሆን ትችላለች። አንድ ጊዜ ድፎ ዳቦ ይዘው የመጡ እናት ነበሩ። ዳቦውን ከመምህራኑ ጋር በላነው፣ ሳጥኑ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የክፍል ውይይት የሚለው መስመር ነው። ልጆቻችን ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በሉ ተብለው ያድጋሉ፣ መልካም ነው፣ እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት፣ ግን ክፍል ውስጥ ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ እጇን ሳታነሳ ትቀመጥና መምህሩ ሊሞላላት የሚችለው «አማካይ» ብቻ ይሆናል። እኔም አማካይ ብዬ እሞላለሁ። ካየሁት ውጭ አልጽፍም። ደብዳቤው ላይ ግን ቦታ አለኝ፦ ክፍል ውስጥ ዝምተኛ ናት፣ የላቦራቶሪ ሪፖርቷ ግን ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው ፈተና ሲበላሽባት በምሳ ሰዓት እየመጣች ስህተቷን አንድ በአንድ አርማለች። ሰንጠረዡ ላይ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ደብዳቤው ምክንያቱን ሲያስረዳ አንባቢው የተቀሩትን ከፍ ያሉ ምልክቶችም ያምናቸዋል። ሁሉ ቦታ ላይኛው ሳጥን ተሞልቶ ደብዳቤው «ጎበዝና ጨዋ ልጅ ናት» ብቻ ቢል ግን ማንን ያሳምናል?

ለዚህ ደግሞ መምህሩ ማወቅ አለበት። ታናናሾቿን ከትምህርት ቤት የምታመጣው እሷ መሆኗን፣ ሐኪም ቤት ለአያቷ የምታስተረጉመው እሷ መሆኗን፣ ቅዳሜና እሁድ ሥራ መዋሏን በምን ያውቃል? አትነግረውም። የቤት ጉዳይ ነው ብላ ታፍራለች። በአንድ ገጽ ጽፋ ትስጠው። የምትጠይቀውም ራሷ ትሁን እንጂ አባቷ አይሁኑ። ጥሩው ጊዜ 11ኛ ክፍል ሊያልቅ ሲል ነው፤ ቀደም ብለው የሚያመለክቱ ልጆች ቀነ ገደባቸው ብዙውን ጊዜ ኖቬምበር 1 ስለሆነ ኦክቶበር መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጥያቄ የሚያገኘው የደከመ መምህር ነው።

ፌርፓ የሚባለውን፣ ተማሪ የትምህርት መዝገቡን የማየት መብት የሚሰጠውን የ1974 የአሜሪካ ሕግ ያነሳችሁም ነበራችሁ። አዎ፣ ልጅቷ ከገባች በኋላ ኮሌጁ ያስቀመጠውን ደብዳቤ የማየት መብት አላት፣ ካልተወችው በስተቀር። ኮመን አፕ ላይ መብቱን ትተዪዋለሽ ወይ ተብላ ትጠየቃለች። ብትተወው ይሻላል ባይ ነኝ። ካልተወች አልጽፍም የሚል መምህር አለ፣ ኮሌጁም ደብዳቤው በነፃነት የተጻፈ መሆኑን ይጠራጠራል።

የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዋ ይጻፉላት ወይ ላላችሁት፣ ኮሌጁ ተጨማሪ ደብዳቤ የሚቀበል ከሆነና መምህሮቿ የማያውቁትን ነገር የሚናገሩ ከሆነ ይጻፉ። የመምህሩን ቦታ ግን አይተኩም።

ለወንድማችን፦ መምህሩን እንደገና አያስጨንቁት። ልጅዎ ሄዳ «በሙሉ ልብ ልትጽፍልኝ ትችላለህ?» ብላ ትጠይቀው። አዎ ካላት ሰንጠረዡን ለእሱ ተዉለት። ካመነታ ሌላ ትፈልግ፣ አይቀየማትም። ኤምአይቲን እያሰበች ከሆነ ደግሞ አንዱ ደብዳቤ ከሂሳብ ወይም ከሳይንስ መምህር፣ ሌላው ከቋንቋ ወይም ከታሪክና ከመሳሰለው ነው የሚፈለገው፤ ስለዚህ የእንግሊዝኛ መምህሯንም ከአሁኑ ታነጋግር።

የሎስ አንጀለሷ እህቴ፣ የአንቺ ልጅ የሚያመለክተው ለዩሲ (ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ካምፓሶች ብቻ ከሆነ ከማመልከቻው ጋር የመምህር ደብዳቤ አይጠይቁትም። ጊዜውን የራሱ ጽሑፎች ላይ ያውለው። የግል ኮሌጅ ከጨመረ ግን ንገሪኝ፣ ለመምህሩ የሚሰጠውን ገጽ አብረን እናየዋለን።