ከአጋዘን ጋር ዓይን ለዓይን በተያየሁ ቁጥር ትሸሸኛለች፤ ምን ላድርግ?

ጀማሪው (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ሚኒሶታ ነው። እዚህ እ.ኤ.አ. ከ1979 ማብቂያ በኋላ የተወለደ ሰው የጦር መሣሪያ ደህንነት ኮርስ ካልወሰደ የአደን ፈቃድ አይሸጥለትም፤ እኔም ኮርሱን ጨርሼ አምና ጥቅምት መጨረሻ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫካ ገባሁ። ጎህ ሳይቀድ ዛፍ ላይ የታሰረው መቀመጫ (ስታንድ ነው የሚሉት) ላይ ወጥቼ ቁጭ አልኩ።

ፀሐይ ወጣ ካለች በኋላ አንዲት አጋዘን ግልገሏን አስከትላ 40 ያርድ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) በማይሞላ ርቀት ብቅ አለች። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ግጥም አልን። እኔ ድንጋይ ሆንኩ፤ ቢያንስ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አንገቷን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገች ፈተሸችኝ፣ በፊት እግሯ መሬቱን ሁለቴ ደቃች፣ ከዚያ በአፍንጫዋ «ፍሽሽ!» ብላ ነጭ ጭራዋን ሰቅላ ከነግልገሏ እብስ አለች። በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ደግሞ እንዲሁ ሆነብኝ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ሲያድን ያደገ የዚሁ አገር ሰው፣ «ስህተትህ ዓይኗን ማየትህ ነው» አለኝ። እናቴ በስልክ ስነግራት «ድሮም ዓይንህ አያምርም» ብላ ሳቀችብኝ። እውነት ማየት ብቻውን ያባርራል? ከሆነስ ሳላያት እንዴት ላነጣጥር? መነጽር ማድረጌም ያሳስበኛል። ሌላ ጓደኛዬ ደግሞ «ያጋለጠህ ብርቱካንማው ጃኬት ነው፣ ስትመጣ ቀስ ብለህ አውልቀው» ይለኛል። የቱን ልስማ?

የዊስኮንሲኑ

ከመጨረሻው ልጀምር። ጃኬቱን እንዳታወልቅ! ያንን የመከረህ ሰው ጋር ደግሞ ጫካ አትውጣ። በጠመንጃው ወቅት ኮፍያህና ከወገብ በላይ ያለው ልብስህ ደማቅ ብርቱካንማ ወይም ደማቅ ሮዝ (ሮዙ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ነው) መሆን እንዳለበት የሚኒሶታ ሕግ ያስገድዳል። ሕጉ ባይኖርም በመክፈቻው ቅዳሜ ስንት ባለጠመንጃ በየዛፉ እንዳለ አስብ።

ለአጋዘኗ ያ ቀለም ምንም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነጭ ጭራ አጋዘኖች ዓይን ላይ በተደረገ ምርምር ቀለም የሚለዩባቸው ሕዋሳት ሁለት ዓይነት እንደሆኑ ታይቷል፤ የኛ ሦስት ነው። የጎደላቸው ቀዩን የምንለይበት ነው። ስለዚህ ብርቱካንማው ለሷ ደብዘዝ ያለ ነገር ሆኖ ነው የሚታያት። ቦግ ብሎ የሚታያት ሰማያዊ ነው። ከታች ጂንስ ለብሰህ ከነበረ ጥርጣሬህን ወደዚያ አዙር። ልብስ «ያነጣል፣ ያደምቃል» የሚባለው ሳሙናም እንዲሁ ነው። ማድመቂያው ልብሱን ሰማያዊ አድርጎ ያበራዋል፣ እሷ ደግሞ እኛ የማናየውን ከሰማያዊ ማዶ ያለውን ብርሃን ጭምር በመጠኑ ታያለች።

ወደ ዓይን ስንመጣ ባልደረባህ ግማሹን ልክ ነው። ዓይኖቿ በጎንና በጎን ስለሆኑ አንገቷን ሳታዞር ዙሪያዋን 300 ዲግሪ ያህል ታያለች። ነገር ግን ጥራቱ ደካማ ነው፤ 20/100 ገደማ ተብሎ ይገመታል። ሐኪም ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን ፊደል አንተ ከ100 ጫማ ብታነብ እሷ 20 ጫማ ድረስ መቅረብ አለባት እንደማለት ነው። እንግዲህ በ40 ያርድ የዓይንህን ብሌን ወዴት እንዳዞርክ ታነባለች ብዬ አላምንም። የምታየው ክብ የሚያበራ ነገር ነው፣ ማለትም ፊትህን። እውነቱን ንገረኝ፣ ለብርዱ ብለህ ቫዝሊን ተቀብተህ አልነበረም?

ከሁሉ በላይ የምታየው እንቅስቃሴ ነው። የማይነቃነቅ ነገር ሲያጠራጥራት ነው ያንን የአንገት ጨዋታ የምትጫወተው፤ ከተለያየ አቅጣጫ አይታ ርቀቱን ለመለየት። አንዳንዴም የምትግጥ መስላ አንገቷን ትደፋና በድንገት ቀና ትላለች። ያኔ ነው ጀማሪ ሁሉ የሚያዘው።

ቀስት ይዤ

እኔ ቨርጂንያ ነኝ፣ የማድነው በቀስት ስለሆነ 20 ያርድ ድረስ መጠበቅ አለብኝ። በዚያ ርቀት ዓይን የሚባለውን ነገር እንደ ቀልድ አላየውም።

ወንድሜ፣ አትያት ማለት ዓይንህን ጨፍን ማለት አይደለም። አገር ቤት ትልቅ ሰው ፊት ስትቆም የምታደርገውን አድርግ፤ ዓይን መሬት ላይ፣ ልብ ግን እዚያው። ቀና ስትል የዓይን ቆብህን ግማሽ ድረስ ክደን፣ እይታህን ከፊቷ አውርደህ እግሯ አጠገብ ያለ ሣር ላይ ወይም ከጎኗ ያለ ግንድ ላይ አሳርፍ። በጎን ዓይንህ ጆሮዋንና ጭራዋን ማየት ይበቃሃል። ጭራዋን ዘና አድርጋ ወዲያና ወዲህ አንዴ ካወዛወዘች ብዙ ጊዜ ጥርጣሬዋ ወጥቶላታል፤ ወይ ትግጣለች ወይ መንገዷን ትቀጥላለች።

ለምን ይሠራል ካልከኝ፣ እኔ በራሴ ላይ ያየሁትን ልንገርህ። ዓይኗ ላይ ስተክል ትንፋሼ ይቆማል፣ ትከሻዬ ይወጠራል፣ ጭንቅላቴ ሳላውቀው ይከተላታል፣ እጄ ወደ ቀስቱ መሄድ ይጀምራል። ከዚያ የያዝኩትን ትንፋሽ በአንዴ እለቀውና ጉም የመሰለ እንፋሎት ፊቴ ላይ ቦለል ይላል። እሷ የሸሸችው ከዚህ ሁሉ ነው እንጂ ከዓይኔ አይደለም። እይታዬን ሳወርድ ሁሉም አብሮ ይወርዳል።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ፊቷን ካዞረች አታየኝም ይላሉ። ወንድማችን ከላይ እንዳለው ጎኗን ሰጥታህ ቆማም ታይሃለች። የምትንቀሳቀሰው ጭንቅላቷ ከግንድ ጀርባ ሲገባ ነው፣ ወይም ጀርባዋን ሰጥታህ አንገቷን ደፍታ ስትግጥ። እኔ መቀመጫዬን የምመርጠው መተላለፊያዋ ላይ ወፍራም ዛፍ መኖሩን አይቼ ነው።

በቀስት ከሆነ ደግሞ አፍጥጣ ተወጥራ በቆመች አጋዘን ላይ አልለቅም። ቀስቴ በሰከንድ 280 ጫማ ይሄዳል፤ በ30 ያርድ ለመድረስ ከሰከንድ ሲሶ ያህል ይፈጅበታል። የገመዱ ድምፅ ግን ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ቀድሞ ይደርሳታል። የተወጠረች ከሆነች ለመዝለል ጎንበስ ትላለች፣ ቀስቱ ወይ በላይዋ ያልፋል ወይ ቦታውን ስቶ ያቆስላታል። አንድ ጊዜ ደርሶብኛል፣ እስከ ማታ ደሟን ተከትዬ አላገኘኋትም። ስለዚያ ቀን ብዙ ማውራት አልወድም።

ስድስት የጣለው

እናንተ ሰዎች ታካብዳላችሁ። እስካሁን 6 አጋዘን ዓይናቸውን እያየሁ ጥያለሁ። ዓይን ምናምን ተረት ነው።

ቀስት ይዤ

በስንት ያርድ?

ስድስት የጣለው

150 ገደማ፣ የበቆሎ ማሳ ዳር።

ቀስት ይዤ

በዚያ ርቀትማ ከእናትህ ጋር በቪዲዮ እያወራህም ትጥላለህ።

ጋሽ ድኩላ

ልጄ፣ እኔ ያደግኩት ዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው። መጀመሪያ አንድ ነገር ላርም፤ እዚያ የምታዩዋትን አጋዘን ትሏታላችሁ፣ የኛ አገር አጋዘን ግን ቀንዱ የተጠማዘዘው ነው፣ ዘሩም ሌላ ነው። የነሱ ቀንድ በየዓመቱ ይወድቃል፣ የኛው አይወድቅም። እዚያ ያለችው ዓይነት በኢትዮጵያ ዱር የለችም። ስም ሲጠፋ ከቅርቡ መዋስ ነው፣ ይሁን።

በልጅነታችን ድኩላ ስናይ አጎቴ የሚለን አንድ ነገር ነበር፤ «ትኩር አትበሉ፣ በጎን እዩ»። ዓይኑን ፈርቶ አልነበረም፣ እኛ ልጆች ስናፈጥ ዝም ማለት ስለማንችል ነው። የሚፈራው ንፋሱን ነበር። ደቃቅ አመድ በጨርቅ ቋጥሮ ይይዝና በየጊዜው እፍኝ የማትሞላ በተን ያደርጋል። አመዱ ወደ ድኩላው ከሄደ ያለ ክርክር ወደ ቤት እንመለሳለን። የዛሬውን እንዳትመስልህ፣ አሁን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ያስጠይቃል፣ ደግሞም ደግ ተደረገ።

ያንተዋ አጋዘን አየችህ ወይስ አሸተተችህ? «ፍሽሽ» ካለች አፍንጫዋ ውስጥ ገብተህ ይሆናል። ልብስህ የት ነበር ያደረው?

ጀማሪው

ጋሼ ያዙኝ። ጃኬቱ የተሰቀለው ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ነው። አርብ ማታ ባለቤቴ ቡና ቆልታ፣ ዕጣን አጭሳ፣ ለእሁድ የሚሆን ቁሌት ስታቁላላ ነበር። ቫዝሊኑም እውነት ነው፣ ጂንሱም እውነት ነው። ራሴን ማጋለጥ ይብቃኝ።

የዊስኮንሲኑ

ሃሃሃ፣ አጋዘኗ አፍንጫዋን አምና ነው የሄደችው። ልብሱን ሽታና ማድመቂያ በሌለው ሳሙና እጠብ፣ ውጭ አስጥተህ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ አስቀምጥ፣ ጫካው ዳር ስትደርስ ልበስ። ያም ሆኖ የሰው ሽታ አይጠፋም፣ ንፋሱ ፊትህን ሲመታ መቀመጥ ነው መፍትሔው። ኮረብታ ካለ ደግሞ ጠዋት ቀዝቃዛው አየር ወደ ቆላው ይወርዳል፣ ፀሐይ ምድሩን ካሞቀች በኋላ ይወጣል፣ አመሻሽ ላይ እንደገና ይወርዳል። ጠዋት ከበላይዋ ተቀምጠህ ከሆነ ሽታህን ራስህ አድለህላታል።

መነጽሩን በሚመለከት ብርሃን የማይመልስ ሌንስ አስደርግ፣ የኮፍያህ ጥላ ከላይ ይሸፍነዋል። ፀሐይዋ ፊት ለፊትህ እንዳትወጣ አቀማመጥህን አዙር። ቀጭን የፊት መረብም ጥሩ ነው፣ ግን እንፋሎት መነጽሩን እንዳይጋርድ ከአፍንጫ በታች አድርገው።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዱ ዓይኗን ላለማየት ብሎ ጠመንጃውን አንስቶ በስኮፕ (ጠመንጃው ላይ በተገጠመው ማነጣጠሪያ መነጽር) ይመለከታል። በስኮፕ የምታየው ነገር ሁሉ አፈሙዝህ የተደገነበት ነው፤ ሰው ሊሆን ይችላል። ለማየት አቅርቦ ማያ መነጽር ያዝ።

ሥጋ ወዳድ

ስለ አደኑ ምንም አላውቅም፣ ጥያቄ ግን አለኝ። ክትፎ ይሆናል?

ቀስት ይዤ

ጥሬውን አትሞክረው። የዱር ሥጋ ውስጥ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ይገኛል፣ ሲበለትም ሆድቃው ከተነካ ባክቴሪያ ይተላለፋል፤ ማቀዝቀዣ ማሳደር ባክቴሪያውን አይገድለውም። የተፈጨ ከሆነ 160 ፋራናይት ይድረስ። ጥብስ ግን ግሩም ነው። ሞራውን አንድም ሳታስቀር አውጣ፣ ምላስ ላይ እንደ ሰም ይጋገራል። ነጩን ሽፋንም ግፈፍ፣ ከዚያ ቅቤ በደንብ ጨምርበት፣ ሥጋው ደረቅ ነው።

ሥጋ ወዳድ

ባርኮ ያልታረደ ነው ብለው የማይበሉ ዘመዶች አሉኝ።

ጋሽ ድኩላ

ዘዳግም 14 ላይ ዋላና ሚዳቋ ከሚበሉት ተቆጥረዋል። ስለ አስተራረዱ ግን የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ፣ እዚህ አንፈታውም።

ጀማሪው

ዘንድሮ ወጥቼ ተመለስኩ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ንፋሱ ፊቴን ይመታ ነበር። አንዲት አጋዘን 30 ያርድ ላይ መጥታ ቀና አለች። እይታዬን ሥሯ ወዳለ የወደቀ ቅጠል አወረድኩ፣ በአፍንጫዬ ቀስ እያልኩ ተነፈስኩ። ያንኑ የአንገት ጨዋታ ተጫወተች። የምትግጥ መስላ ደፋ አለች፣ አልተነቃነቅኩም፤ በድንገት ቀና አለች፣ አሁንም ቅጠሌ ላይ ነኝ። የልቤ ድምፅ ግን ለሷም የተሰማት ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻ ጭራዋን ወዝወዝ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች። ጭንቅላቷ ከወፍራሙ ዛፍ ጀርባ ሲገባ ጠመንጃውን አነሳሁ፣ አላየችኝም። በማዶ ስትወጣ ግን ከኋላዋ ጉብታው ላይ ብርቱካንማ ነገር አየሁ፣ የሌላ አዳኝ ኮፍያ ነው። ጠመንጃውን መለስኩ፣ እሷም ሄደች።

ማክሰኞ አመሻሽ አንድ ለጋ ወንድ በዚያው መንገድ መጣ፣ ከበስተኋላው አፈር ብቻ ነበር። ሩቅ አልሄደም። 48 ሰዓት ሳይሞላ በስልክ አስመዘገብኩት። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ግማሹን በላን፣ ግማሹ ለገና ፍሪዘር ውስጥ ነው። ጃኬቱ አሁን ጋራዥ ነው የሚያድረው፣ ባለቤቴ ቦታው ተገኘልኝ ብላ መጥረጊያዋን ሰቅላበታለች።

ጋሽ ድኩላ

ንፋሱን በምን ለየኸው?

ጀማሪው

በአመድ ጋሼ። የከሰል ምድጃው አመድ በካልሲ ቋጥሬ።