ዲስከቨሪ 4 ልግዛ ወይስ ፕራዶ ልጠብቅ? ሱሉልታ ነው የምኖረው

የሱሉልታው፦
ሰላም ናችሁ? ሱሉልታ ቤት ሠርተን ከገባን ይኸው ሁለተኛው ክረምት ነው። ከአስፋልቱ እስከ በራችን ያለው መንገድ በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ ነው። ያለችኝ ቪትዝ ናት፣ በዚህ ሐምሌ ብቻ ሁለቴ በትራክተር ተጎትታ ወጥታለች። ባለቤቴ "ሦስተኛው ላይ እኔ የለሁበትም" ብላለች።

አንድ ደላላ የ2012 (እ.ኤ.አ.) ላንድ ሮቨር ዲስከቨሪ 4 አሳየኝ። 3.0 ናፍጣ፣ ጥቁር፣ ወንበሩ ቆዳ፣ ጣራው መስታወት። ስገባባት ሰው ሳሎን የገባሁ ነው የመሰለኝ። ቆጣሪው 118 ሺህ ኪሎሜትር ይላል። የሚገርመው በዚያው ዕድሜ ካለ ፕራዶ በጣም ወረድ ያለ ዋጋ ነው የተጠራባት። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን ይኸው ርካሽነቷ ያስፈራኝ ጀመር። ወንድሜ ደግሞ "የእንግሊዝ መኪና ከገዛህ መካኒኩንም አብረህ ቅጠር" አለኝ። እውነት ነው ወይስ ወሬ? ቅዳሜ ቀብድ ልሰጥ ነው፣ የምታውቁ ቶሎ በሉኝ።

ጋራዥ ያደግኩ፦
ቀብዱን ተወው፣ መኪናዋን ግን ገና አትተዋት። እናንተ ሰፈር ጭቃ ውስጥ ከእሷ የተሻለ የሚሄድ ብዙ የለም። በአንድ ቁልፍ ከፍ ትላለች፣ ጉድጓዱን ታልፈዋለህ።

ጣጣውም ያለው እዚያው ቁልፍ ላይ ነው። እንደዚህ በቁልፍ ከፍ ዝቅ የምትለዋ ሞላ የላትም። በሞላው ፈንታ በየጎማው አየር የሚሞላ የላስቲክ ከረጢት አለ፣ አየሩን የሚሞላው ደግሞ አንድ ትንሽ ኮምፕረሰር ነው። ላስቲኩ ሲያረጅ ይሰነጠቅና ቀስ እያለ ያፈሳል። ሞተር ስታስነሳ ኮምፕረሰሩ ሞልቶ ቀጥ ስለሚያደርጋት ገዢ አይቶ አያውቅም። እሱም የፈሰሰውን እየሞላ፣ እየሞላ አንድ ቀን ይቃጠላል። እኔ ራሴ አንዷን ጠዋት ጠዋት አጋድላ ሳያት "መሬቱ ነው" እያልኩ አምስት ወር ነድቻታለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። መጨረሻ ላይ ከረጢቱንም፣ ሪሌውንም (ለኮምፕረሰሩ ኤሌክትሪክ የሚያበራ የሚያጠፋውን)፣ ኮምፕረሰሩንም በአንድ ቀን ገዛሁ፤ ቀድሜ ብነቃ ከረጢቱ ብቻ ይበቃ ነበር።

ስለዚህ ሻጩን ለምነው፣ ማታ ሜዳ ቦታ ላይ ትደር። ሜትር ያዝና ከቸርኬው መሐል እስከ መከለያው ጠርዝ አራቱንም ለክተህ ጻፍ። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ፣ በርም ሳይከፈት መልሰህ ለካ። በር ከተከፈተ ራሷን ማስተካከል ልትጀምር ትችላለች፣ ያኔ ልፋትህ ከንቱ ነው። አራቱም እኩል ትንሽ ዝቅ ካሉ አትደንግጥ፣ ቆማም ደረጃዋን ታስተካክላለች። አንድ ጥግ ብቻ ቁጭ ካለ ግን ታፈሳለች ማለት ነው።

ሞተሩ ላይ የታወቀው በሽታ የክራንክ ሻፍት፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ መሰበር ነው። ሁሉም ላይ አይደርስም። ከደረሰ ግን ሞተር መቀየር ነው፣ ብዙ ጊዜም ቀድሞ አይናገርም። አንተ ማድረግ የምትችለው ዘይት በሰዓቱ ይቀየር እንደነበር ወረቀት መጠየቅ ነው፣ "እኔ እኮ እንደ ልጄ ነው የያዝኳት" የሚለውን አይደለም። የታይሚንግ ቺንጋዋም ሁለት ነው። የፊቱን ሁሉም ያውቀዋል፣ የሚረሳው የናፍጣ ፖምፓውን የሚያዞረው የኋላው ነው። "ቺንጋ ቀይሬያለሁ" ካለህ "የትኛውን?" በለው፣ ከዚያ ፊቱን እይ።

ካምቢዮዋ ዜድ ኤፍ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ሥራ ነው፣ ጎበዝ ካምቢዮ ነው። "ዘይቱ ዕድሜ ልክ አይቀየርም" የሚል ካጋጠመህ አትስማው፣ አምራቹ ራሱ ከ80 እስከ 120 ሺህ ኪሎሜትር ባለው ውስጥ ይቀየር ይላል። የአንተዋ 118 ላይ ናት፣ ያውም ቆጣሪው ካልተመለሰ።

ጣራዋ መስታወት ነው ካልክ ደግሞ ምንጣፉን ገልጠህ እጅህን አስገባ። የጣራው ውሃ መውረጃ ቱቦ በአቧራና በቅጠል ይደፈንና ዝናቡ ወደ ውስጥ ወርዶ እግር ስር ይተኛል። ሽቦውም እዚያው ነው የሚያልፈው። ክረምት ላይ መግዛትህ ለዚህ ጥሩ ነው፣ በጋ ቢሆን ደርቆ ይሸውድሃል።

የለገጣፎ ልጅ፦
ሁላችሁም ሞተር ሞተር ትላላችሁ፣ እኔን ያቃጠለኝ ወረቀት ነው። መኪናዬ ድሮ ቀረጥ ነፃ የገባች ነበረች። ሻጩ ቀረጡ ተከፍሏል አለኝ፣ በውክልና ገዛሁ፣ ስም ላዛውር ስሄድ አልተከፈለም። ስምንት ወር ተመላለስኩ፣ እሱ ስልኩን ዘጋ፣ ደላላውም "እኔ ያገናኘሁት ብቻ ነው" አለኝ።

አንተ ሊብሬውን ተቀብለህ ሻንሲ ቁጥሩንና ሞተር ቁጥሩን መኪናዋ ላይ ካለው ጋር በራስህ ዓይን አስተያይ። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ጠይቅ። የባንክ ዕዳ ወይም እግድ እንዳለባት ፋይሏ ካለበት መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ አጣራ። ውልና ማስረጃ ባለቤቱ ራሱ ካልመጣና ውክልና ብቻ ከላከ፣ እኔ ብሆን አልገዛም። ቀብድ ደግሞ ለደላላ በፍጹም!

ጋሽ ፍሪሲዮን፦
ልጄ፣ ርካሽ የሆነችበት ምክንያት ግልጽ ነው። ፕራዶ ቢበላሽ ሶማሌ ተራ ሄደህ አዲሱንም አሮጌውንም አማርጠህ ትገዛለህ፣ ሱሉልታ ያለ መካኒክም ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታል። የዚህችን ዕቃ ብዙውን ጊዜ ከዱባይ ታስመጣለህ፣ እስኪመጣ ቪትዟን ትነዳለህ። ስለዚህ ቪትዟን አትሽጥ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ሰው ያለውን አጥብቆ ይዟል፣ ደህና ፕራዶ እንደ ልብ አይገኝም።

ግን ፕራዶ ስለሆነ ብቻ ደግሞ ዘለህ አትግባ። 3.0 ናፍጣው (ዋን ኬዲ የሚሉት) ኢንጀክተሩ (ናፍጣ የሚረጨው) ስር ያለው የመዳብ ማኅተም ሲያፈስ ጥቀርሻው ዘይቱ ውስጥ ይገባና የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍነዋል። ሞተር ያለ ዘይት መሄድ ማለት ነው። "ቶዮታ ነው" ብለው ሳያዩ ገዝተው ያለቀሱ አውቃለሁ።

የዲስከቨሪዋን ልብ ለማየት ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ያለውን ዳገት በሙሉ ጭነት ውጣ። ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦዋ የደከመ ከሆነ እዚያ ትታወቃለች። የሙቀት ጌጁን ብቻ አትመን፣ መሐል ላይ ተኝቶ ሊሸነግልህ ይችላል። ስካነር ሰክቶ ትክክለኛውን ቁጥር የሚያነብልህ ልጅ አጠገብህ ይቀመጥ። ስትወርድ ፍሬኑን ስማ፣ ከ2.5 ቶን በላይ ነው የምታወርደው።

የሱሉልታው፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ በተለይ ጋሼ። ቅዳሜ ሳይሆን ዓርብ ማታ እኛ ግቢ አሳደርናት፣ ሻጩ እየሳቀ ነው የተስማማው። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፣ ባለቤቱ ራሱ ነው የሚሸጠው፣ እህቴ የለገጣፎዋ ተባረኪ። ዳገቱንም በደንብ ወጣች፣ ልጁ ስካነሩን ሰክቶ ሙቀቱ ደህና ነው አለ። የኋላውን ቺንጋ ስጠይቀው ግን "ሁለት ነው እንዴ?" አለኝ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጃኬት ለብሼ ሜትሩን ይዤ ወጣሁ። ሦስቱ ጥግ አንድ ጣት ያህል ነው የወረደው። የኋላው ቀኝ አራት ጣት። ሚስቴ በመስኮት እያየች ትስቃለች። ሻጩ ጋ ደወልኩ፣ "ሱሉልታ እኮ ብርድ ነው፣ ላስቲክ ይኮማተራል" አለኝ። ምን ትላላችሁ?

ጋራዥ ያደግኩ፦
ብርዱ አንድ ጎማ መርጦ ነው የመታው? የከረጢቱንና የሁለቱንም ቺንጋ ዋጋ ከነእጅ ሥራው አስጠይቀህ ከዋጋው አስቀንስ። ካልቀነሰ ሜትርህን ይዘህ ወደ ሚቀጥለው።

ጋሽ ፍሪሲዮን፦
እኔም ሱሉልታ ነው የማድረው። ብርዱ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ቁመቴን ቀንሶት አያውቅም።