ጎንደር ላለው የአባዬ ሳሎን ፕሮጀክተር ስመርጥ

ሰላም ወገኖች። ለጥምቀት ጎንደር የምትገቡና ለቤተሰብ ፕሮጀክተር ይዛችሁ ለመሄድ ያሰባችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። እኔ አዘዞ ላለው የወላጆቼ ቤት ሁለት ጊዜ ወስጃለሁ። ገንዘባችሁ እንዳይባክን የገጠመኝን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያውን የገዛሁት ካርቶኑ ላይ "9000 ሉመን" (የብርሃን መጠን መለኪያ) የሚል አይቼ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥሩ ነበር። አዘዞ ሳሎን ውስጥ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ለአባዬ ኳስ ስከፍትለት ግን ተጫዋቾቹ ጥላ መሰሉ። ማየት ያለባችሁ አንሲ ሉመን ወይም አይኤስኦ ሉመን የሚለውን ቁጥር ነው፤ እሱ በደንቡ የተለካ ብርሃን ነው። ሁለቱንም የማይጠቅስ ትልቅ ቁጥር ካያችሁ እለፉት። መጋረጃ ዘግቶ ማታ ለማየት 500 አንሲ ያስኬዳል። ቀን ቀን ለሚታይ ሳሎን እኔ ከ2000 በታች አልገዛም። የምስል ጥራትን የሚገልጸው "1080ፒ ይደግፋል" የሚለውም ያሳስታል። ፋይሉን ይከፍታል ማለት እንጂ ምስሉ በዚያ ጥራት ይወጣል ማለት አይደለም። "ኔቲቭ 1080ፒ" የሚል ፈልጉ።

በቀጣዩ ዓመት የተሻለ ይዤ ሄድኩ። ሜሪላንድ ሳምንት ሙሉ ሞክሬው አንድም ቀን አልጠፋም። አዘዞ ግን ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ የእህቴን የሰርግ ቪዲዮ እያየን፣ 40 ደቂቃ ሳይሞላ ድርግም ብሎ ጠፋ። ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። እጄን ጎኑ ላይ ባደርግ ያቃጥላል። እኛ መብራቱ ከፍ ዝቅ ብሎ ነው ብለን ስታቢላይዘር ፍለጋ ፒያሳ ድረስ ወጣን። ለካ ነገሩ ሌላ ነው። ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ሙቀቱን ማውጣት ያቅተዋል። ሴቲንግ ውስጥ "ሃይ አልቲትዩድ" የሚል አለ፤ ብዙ ማኑዋሎች ከ1500 ሜትር በላይ ከሆናችሁ አብሩት ይላሉ። እሱን አበራሁት። ማራገቢያው ድምፁ ጨመረ፣ ፕሮጀክተሩ ግን ከዚያ ወዲህ አልጠፋም። ስትገዙ ይሄ ሞድ መኖሩን ጠይቁ፣ እባካችሁ።

የመብራቱም ነገር አለ። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። አዳፕተሩ ላይ 100-240 የሚል ከሌለ አትውሰዱት። አምፖል ያለውን ዓይነትም ለጎንደር አልመክርም። እሱ ከተዘጋ በኋላም ማራገቢያው ትንሽ እየሠራ አምፖሉን ማቀዝቀዝ አለበት፤ መብራት በድንገት ሲሄድ እንደጋለ ይቀራል። አምፖሉ ሲያልቅ ደግሞ መለወጫውን ከየት ይፈልጉታል? ሌዘር ወይም ኤልኢዲ ይሻላል፤ ብዙዎቹ 20,000 ሰዓት ገደማ እንደሚሠሩ ይጻፍባቸዋል። ስታቢላይዘሩንም አልመለስነውም፣ ይጠቅማል።

ግድግዳው ላይ አታሳዩ። የእኛ ሳሎን ቀለሙ ፈዛዛ አረንጓዴ ነው፤ ሙሽራዋ ራሷ የታመመች መሰለች። እማዬ ከቅዳሜ ገበያ ነጭ አቡጀዲ አስገዛች፣ ደርባ ሰፋችው፣ ላይና ታቹ ላይ ዘንግ አስገባንበት። ቀለሙ ወዲያው ተስተካከለ።

የክፍሉንም ርቀት አስቀድማችሁ አስለኩ። 100 ኢንች ምስል (ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ሲለካ) ወርዱ 2.2 ሜትር አካባቢ ነው። ፕሮጀክተሩ ላይ "ስሮው ሬሾ 1.2" (ርቀቱ የምስሉን ወርድ ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር) ከተባለ ወርዱን በ1.2 አባዙት፤ ከአቡጀዲው 2.65 ሜትር ያህል ርቆ መቀመጥ አለበት ማለት ነው። ሶፋና ቡፌ በሞላው ሳሎን ይሄ ቦታ ላይገኝ ይችላል።

ድምፁ ደካማ ስለሚሆን ስፒከር ለብቻ ያዙ። ኢንተርኔቱን አትመኑ፣ የሚታየውን በፍላሽ ጭናችሁ ሂዱ።

የሳሎኑን ልክ በሜትር ካስለካችሁ እዚህ ጻፉልኝ፣ የትኛው እንደሚሆናችሁ አብረን እናስላው።