«አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ»ን ለልጆች መድረክ ማዘጋጀት

ጥያቄ፦
ጎንደር ላይ ከ5 እስከ 8 ዓመት ለሆኑ 60 ያህል ልጆች ይህን ተረት (ከወንዙ በላይ በኩል ያለው ጅብ ከታች የምትጠጣዋን አህያ «ውሃውን አደፈረሽብኝ» ብሎ የሚበላበትን) ልናቀርብ ነው። በአፍ ሲነገር 3 ደቂቃ አይሞላም። ልጆቹን እያሳተፍን 25 ደቂቃ እንዴት እናድርሰው? አህያዋ መበላቷስ?

መልስ 1፦
ንግግር አትጨምሩ፤ ክሱን አብዙት። መጀመሪያ ውሃ ማደፍረስ፣ ቀጥሎ ሣር መርገጥ፣ ከዚያ ጮክ ብሎ መተንፈስ። ሦስት ይበቃል፣ አራተኛው ያሰለቻል። በየክሱ አህያዋ ወደ ልጆቹ ዞራ «ውሃ ወደ ላይ ይፈሳል እንዴ?» ትበል። መልሱ አንድ ቃል የሆነ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ «ምን ላድርግ?» ካለች ሁሉም የየራሱን ይጮህና ተዋናይዋ መመለሻ ታጣለች። ዝም ማሰኛ ምልክትም ያስፈልጋል፦ ከበሮ ሁለት ምት። እሱን «ተረት ተረት» «የላም በረት» እያስባላችሁ መግቢያው ላይ ሦስት ጊዜ አለማምዷቸው፤ ሦስተኛውን በሹክሹክታ።

መልስ 2፦
ወንዙን ቀሃ በሉት፣ ያውቁታል። 6 ሜትር ሰማያዊ ጨርቅ፣ አንዱ ጫፍ ጠረጴዛ ላይ፣ ሌላው መሬት። ወለል ላይ ከተነጠፈ ትንንሾቹ ላይና ታቹን አይለዩም፣ ቀልዱም ይከሽፋል። ስምንት ልጆች ዳርና ዳሩን ይዘው ያወዛውዙት። የጅቡ ጭንብል ከአፍንጫ በታች ክፍት ይሁን፣ አለዚያ ድምፅ ይታፈናል። ተዋናዩ ልጆቹ እያዩት ያጥልቀው፤ ተሸፍኖ ድንገት ከወጣ የሚያለቅስ አይጠፋም።

መልስ 3፦
አህያዋን አታድኗት፣ ተረቱ ተረት መሆኑ ይቀራል። ጨርቁ ይሸፍናት፣ ከበሮው ይምታ። ወዲያው ተዋናይዋ የአህያ ጆሮዋን አውልቃ ትውጣና «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ትበል። ዳቦውን ግን ከአዳራሽ ውጭ አድሉ፤ ፍርፋሪው መከራ ነው።